ጥርስ የሌለው ፈረስ

እንከን ማውጣት የማይችል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ መካነ ሰላም ብቅ በሉና እኔን እዩኝ። ወጡ ጨው ቢበዛበት "እጅሽ ይባረክ" እላለሁ፤ ጸጉር ቆራጩ ጆሮዬን ቢነካኝ "ችግር የለም" እላለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ እግሬን የረገጠኝን ሰው ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ይህን የማወራው እንድታመሰግኑኝ አይደለም። በዚህ ጠባዬ የተነሳ ያገኘሁት ሥራ ሊያመልጠኝ፣ ከጎረቤት ልቆራረጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እህቴን ሌላ ሁለት ዓመት ስደት ላስፈርድባት ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

እህቴ ሰዓዳ ከእኔ በአራት ዓመት ታንሳለች። ቀይ ባሕርን ተሻግራ በሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። የአሠሪዎቿ ልጆች አዲስ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ሲገዛላቸው አሮጌውን ለእሷ ሰጧት፤ እሷም ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከችልኝ። ለማያውቀው ላስረዳ፦ መነጽር ይባል እንጂ ውፍረቱ ጡብ ያህላል። ዓይናችሁ ላይ ስታስሩት ያላችሁበት ቤት ይጠፋና ሌላ ዓለም ውስጥ ትቆማላችሁ። በሁለት እጃችሁ ሁለት መጨበጫ ትይዛላችሁ፤ እናንተ እጅ ስታነሱ እዚያኛው ዓለም ውስጥም እጃችሁ ይነሳል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን "አሁን ይሄ ለዓይን ሕመም ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሰዓዳ የላከችው ግን እንድጫወትበት አልነበረም።

"ወንድምዓለም፣" አለችኝ በስልክ፣ "እዚህ ልጆቹ ጌም ከመግዛታቸው በፊት ሰው የጻፈውን ያነባሉ። ቀድሞ ተጫውቶ 'ይሄ ደህና ነው፣ ይሄ አይረባም' ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ሥራው ነው። አንተ ደግሞ አማርኛ የተማርክ ነህ።"

አማርኛ መማሬስ እውነት ነው። በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ ሦስት ዓመት እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ።

"ሥራ ከያዝክልኝ፣" ብላ ቀጠለች፣ "ኮንትራቴ በዚህ ወር ያልቃል፤ አላድስም። እመጣለሁ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቤት ያቆመችው እሷ ናት። ያን ቀን ማልኩ፤ ወላሂ ይህን ሥራ ሳልይዝ አላድርም አልኩ። ማደሩንስ ብዙ አደርኩ፤ መሐላውን ግን አልረሳሁም።

ፈልጌ ፈልጌ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጌሞች በአማርኛ የሚጽፍ አንድ የኢንተርኔት ገጽ አገኘሁ። አዘጋጁ ናሆም የሚባል ወጣት ነው። ሦስት የሙከራ ግምገማዎች ጽፌ እንድልክ፣ ለእያንዳንዱ ጌም ከአስር ነጥብ እንድሰጥ፣ ደስ ካሰኘው በቋሚነት እንደሚይዘኝ ነገረኝ። ጌሞቹንም ላከልኝ። እነሱን ለማውረድ መነጽሩን በፌስታል ይዤ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል እየሄድኩ፣ በአንድ ሻይ ግማሽ ቀን ስቀመጥ አስተናጋጇ ጠረጴዛዬን አምስት ጊዜ ትወለውልልኝ ነበር። እኔም አምስቱንም ጊዜ አመስግኛታለሁ።

የመጀመሪያው ጌም ፎቅ ላይ ያስወጣና ከጣሪያው ወደ ውጭ በተዘረጋ ሳንቃ ላይ ያስኬዳል። መመሪያው "ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ያዘጋጁ" ይላል። የእኛ ቤት ሳሎን ከሶፋውና ከቡፌው የሚተርፈው ቦታ ለመስገጃ የሚበቃ ነው። ቡፌውን ገፋሁት፤ ሦስት ብርጭቆ ተሰበረ። እኔ የዓባይ በረሃ ገደል አፋፍ ላይ ፍየል ስከተል ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚያ የውሸት ሳንቃ ላይ ግን በአራት እግሬ ተንበረከክሁ። ጎረቤታችን አያ ይመር እናቴን ሊጠይቁ ሲገቡ ምንጣፉን በሁለት እጄ ጨምድጄ "ያ አላህ! ያ አላህ!" እያልኩ አገኙኝ።

"አብሽር፣ አብሽር ልጄ፣" አሉ ከበላዬ ቆመው። "ምን ሆነህ ነው?"

"ፎቅ ላይ ነኝ!" አልኳቸው።

አያ ይመር የከብትና የፈረስ ደላላ ናቸው፤ በዚህ ሥራ ሸምግለዋል። ብዙ ነገር አይተዋልና ቀስ ብለው ወጡ።

ሁለተኛው ጌም ባሕር ውስጥ ከዓሣ ጋር የሚያስዋኝ ነው። አስታወከኝ። ሦስተኛው ገና ሳልጀምረው ስድስት ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም ቁጭ ብዬ ሦስት ግምገማ ጻፍኩ። ስለ ፎቁ፦ "እጅግ ድንቅ ነው፤ የሠሩትን ሰዎች አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፤ ከአስር አስር።" ስለ ዓሣው፦ "አስታውኮኛል፤ ጥፋቱ ግን ቁርስ ሳልበላ የገባሁት የእኔ ነው፤ ከአስር አስር።" ስለ ሦስተኛው፦ "የመጫወት ዕድል አላገኘሁም፤ ስሙ ግን ደስ ይላል፤ ከአስር ዘጠኝ ተኩል።" ግማሿን ነጥብ ስቀንስ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ናሆም በማግስቱ ደወለ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ግምገማ ነው ወይስ ምርቃት?"

"ምነው?"

"አስታወከኝ ብለህ አስር ሰጠህ እኮ! አንባቢ እኮ ሊገዛው ነው። አንተን አምኖ ገዝቶ ቢያስታውከውስ?"

"ቁርስ ይብላ፣" አልኩት።

ናሆም አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጠኝ። የፈረስ ግልቢያ ጌም ይልክልኛል። እስከ ቅዳሜ ቢያንስ አምስት እንከን አውጥቼ መጻፍ አለብኝ። አምስት! እኔ በሃያ ስምንት ዓመቴ አንድም አውጥቼ አላውቅም።

በእኔ አትፍረዱ፤ ያደግኩት እንዲህ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ ጊዜ በእንግድነት በሄደበት ቤት እንጀራው ውስጥ የነበረ ጠጠር ጥርሱን ሰበረው። ጠጠሩንም፣ የጥርሱንም ስባሪ አብሮ ዋጠና "ማሻአላህ፣ ጤፉ የት የበቀለ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ይህ ታሪክ ቤታችን ውስጥ እንደ ጀብዱ ሲነገር ኖሯል። የቀረበልህን አታጣጥል፣ የተሰጠህን አትመርምር ተብዬ ነው ያደግሁት። ጌሙም ለእኔ የቀረበልኝ ነገር ነበር።

ቢሆንም ቆርጬ ተነስቻለሁ። የፈረሱ ጌም ሆቴሉ ውስጥ እስኪወርድ ድረስ እንከን ማውጣትን በቤቴ እለማመዳለሁ አልኩ። ምሳ ላይ የእናቴን ወጥ ቀምሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ "ጨው በዝቶበታል" አልኩ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ተነስታ መጣችና ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

"ትኩሳት የለህም፣" አለች። "ማን ምን አለህ ልጄ?"

ይህ ስላልሆነልኝ ከቤት ውጭ ልሞክር አልኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን አያ ይመር አዲስ ቤት ሠርተው የቤት ምርቃት ጠርተውን ነበር። የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ እየገባ "ማሻአላህ፣ የሰላም ቤት ያድርግላችሁ" እያለ ይቀመጣል። ተራዬ ደረሰ። ሰው ሁሉ ምርቃቴን ይጠብቃል። እኔ ዙሪያውን አየሁና በመምህር ድምፅ፣

"በሩ ጠቧል፣" አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! እንከን ማውጣት የለመደ ሰው የት እንደሚያቆም ያውቃል፤ ጀማሪ ግን ፍሬን የለውም።

"በዚህ በር እንኳን ሶፋ፣ ጀናዛ ለማውጣት እንኳ ሰው ይቸገራል፣" ብዬ ጨመርኩበት።

በቤት ምርቃት ቀን፣ በባለቤቱ ፊት፣ የሬሳ ወሬ! አንዲት አሮጊት "አዑዙ ቢላህ" አሉ። አያ ይመር የያዙትን ሰሃን መሬት አስቀመጡ። እናቴ እጄን ይዛ እስከ ቤታችን ድረስ ጎተተችኝ። እንዲህ ያለ ሐፍረት ወርዶብኝ አያውቅም። ሌሊቱን ሁሉ ሰዓዳ "ሥራውስ?" ስትለኝ ምን እላታለሁ እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

ሲነጋ እናቴ ሁለት ኪሎ ስኳር አስያዘችኝ። "ሂድና አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ በል፣" አለች። ሄድኩ። አያ ይመር በራቸው ላይ ቆመው በገመድ ወርዱን ይለካሉ።

"አያ፣ አውፍ በሉኝ፣" ብዬ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

"ተነስ፣ ተነስ፣" አሉኝ። "ወላሂ ጠቧል። አናጢው አታሎኛል። ትናንት ያ ሁሉ ሰው በጎኑ እየተንሻተተ ሲገባ አንድ የነገረኝ የለም፤ ማሻአላህ ብቻ!" ከዚያ ፊታቸው ከበደ። "ግን አንተ፣ እውነት ቢሆንስ በምርቃት ቀን ይነገራል? ጀናዛ ምን አመጣው? ምን ነካህ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ናሆም፣ ስለ አምስቱ እንከን፣ ቅዳሜ ካለፈ ሰዓዳ ሌላ ሁለት ዓመት እንደምትፈርም። የሰዓዳን ስም ስጠራ ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ። በልጅነቷ ፈረስ ላይ ያፈናጠጧት እሳቸው ናቸው።

"ተከተለኝ፣" አሉኝ። "ዛሬ ገበያ ነው።"

ገበያ ሄድን። አንድ ከአቀስታ በኩል የመጣ ሰው ዳለቻ ፈረስ ይዞ ቆሟል። ትናንት ሰሃን ብቻ አስቀምጠው ዝም ያሉት ሽማግሌ ፈረሱ ዘንድ ሲደርሱ ሌላ ሰው ሆኑ።

"ይሄን ከየት ቆፍረህ አወጣኸው?" አሉና የፈረሱን ከንፈር ገልብጠው ጥርሱን አዩ። "ይሄ ጥርስ የአያቴን ሰርግ አይቷል!" ጀርባውን በመዳፋቸው ሄዱበት። "ኮርቻ አቁስሎታል፤ ጸጉር አብቅለህ ሸፈንክበት።" ኮቴውን አነሱ፤ ዓይኑ አጠገብ አጨበጨቡ፤ ወዲያና ወዲህ አስኬዱት። "ያነክሳል።"

"እርስዎ ስላዩት ደንግጦ ነው የሚያነክስ፣" አለ የአቀስታው ሰው።

እኔ ድብድብ ይነሳል ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ሁለቱ ግን እየተሳሳቁ እጅ ለእጅ ተመታቱ፤ አንዱ "በረካ ይሁንልህ"፣ ሌላው "እግዜር ይስጥልኝ" ተባብለው ተለያዩ።

"አየህ፣" አሉኝ አያ ይመር፣ "ሰው የሰጠህን አትነቅፍም፤ ነውር ነው። ይዘኸው ልትሄድ ያሰብከውን ግን ካላገላበጥክ ሞኝ ነህ። ያንተ አንባቢ ፈረስ ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። አንተ ደላላው ነህ። ደላላ አፉን ቢያሳምር የሚከስረው ገዢው ነው።"

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ነገር በሁለት ደቂቃ ገባኝ።

"አያ፣" አልኳቸው፣ "አንድ ፈረስ ያዩልኛል?"

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ቤታችን መጡ። እናቴ የተረፉትን ብርጭቆዎች አቅፋ ጥግ ያዘች። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ "ቢስሚላህ" አሉ፣ መነጽሩን አሰርኩላቸው። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። እዚያኛው ዓለም ውስጥ መስክ ላይ ቆመዋል፤ ከፊታቸው አንድ ፈረስና አንድ ሰው አለ።

"አሰላሙ አለይኩም፣" አሉ ለሰውዬው። ጠበቁ። "ሰላምታ አይመልስም። ጻፍ።"

ጻፍኩ። አንድ።

ወደ ፈረሱ ቀረቡ፤ ልማዳቸው ነውና እጃቸውን ወደ አፉ ሰደዱ። ድንገት ጮኹ።

"ወይ ጉድ! እጄ ገባ! እጄ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ!" አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። "ጥርስ የለውም። ምላስም የለው። ውስጡ ባዶ ነው፤ በአፉ ገብቼ የማዶውን ጋራ አያለሁ! ይሄ ምን በልቶ ነው የሚሮጥ?"

ሁለት። ዓይኑ አጠገብ አጨበጨቡ፤ አልጨፈነም። ሦስት። እንደ ምንም ጎንበስ ብለው ኮቴውን መረመሩ።

"ሣሩን አይረግጠውም። ሣሩ በኮቴው ውስጥ ያልፋል። ሰባት መቶ ጊዜ ቢመላለስበት ዱካ የለውም።"

አራት። ከዚያ በፈረሱ ኋላ ሲያልፉ እንዳይረግጣቸው ዙረው ሄዱና ሶፋውን ተሻገሩ፤ እናቴ ብርጭቆዎቿን ይዛ ወደ ጓዳ ሸሸች። አያ ይመር ደክሟቸው ነበር መሰለኝ፣ አርባ ዓመት ገበያ ላይ እንደሚያደርጉት በክርናቸው ፈረሱን ደገፍ አሉ። የሌለ ፈረስ ደግሞ አይደግፍም። እኔ ደብተሬን ጥዬ ልይዛቸው ስዘል ሁለታችንም ምንጣፉ ላይ ተዘረርን።

"አያ! ተጎዱ እንዴ?"

"ጻፍ!" አሉኝ ከታች ሆነው፣ መነጽሩን እንዳደረጉ። "ፈረሱ ሰው አይችልም!"

አምስት። ተጋድመው እንዳሉ ወደ ላይ አዩ። "ሰማዩ ግን ደህና ነው፣" አሉ። "ዝናብ ያዘለ ደመና አውቀው ነው የሠሩት። ሐቁን አትንሳቸው፤ እሱንም ጻፍ።"

"ከአስር ስንት ልስጠው?"

"በገበያ ከአስር የሚባል የለም። ትወስደዋለህ ወይስ ትተወዋለህ ነው። ለልጅ መጫወቻ ይሆናል። ፈረስ ለሚያውቅ ሰው ግን አይሸጥም።"

የእሳቸውን ቃል እንዳለ አሰፈርኩት፤ ከአስር አራት ሰጠሁ፤ ማንንም ይቅርታ አልጠየቅሁም። ቅዳሜ ጠዋት ላክሁ። ከሰዓት ናሆም እየሳቀ ደወለ። "የፈረስ አፍ ከፍቶ ያየ ገምጋሚ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፣" አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራው የእኔ ነው።

ወዲያው ሰዓዳ ጋ ደወልኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ድምፁን ከፍ አደረግሁላት። ሥራውን መያዜን ስነግራት ጮኸች፣ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ቀዘቀዘ።

"ወንድምዓለም... እንደው ለአንድ ጊዜ ብቻ ልፈርም ይሆናል። ሥራህ ገና ጀማሪ ነው። እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ? ደህና ነኝ፤ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው፤ ምንም አልጎደለብኝም።"

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትነግረን ኖራለች፤ እኛም ስድስት ዓመት ሙሉ አምነናታል። እሷም እኮ የእኔው አባት ልጅ ናት፤ ጠጠሩን ከነጥርሱ ትውጣለች።

"እታለም፣" አልኳት፣ "ሌላ ሁለት ዓመት ይዘሽው ልትሄጂ ነው። ማገላበጥ አለብሽ። ከአስር ስንት ትሰጪዋለሽ?"

ሳቀች። "ምኑን?"

"ያንን ኑሮ።"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። ከዚያ ቀስ እያለች ጀመረች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሳይሆን እንደማትተኛ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደምትነሳ ነገረችን። የምታድርበት ክፍል መስኮት እንደሌለው ነገረችን። ረመዳን ላይ ለሰው ስታስፈጥር ቆይታ እሷ ማድቤት ቆማ እንደምታፈጥር ነገረችን።

"ስድስት ዓመት፣" አለች፣ "ከሰው ጋር በአንድ ትሪ በልቼ አላውቅም።"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

"ስንት ትሰጪዋለሽ?" አልኳት።

"ሁለት፣" አለች። "ሁለቱም ለልጆቹ ነው። ይወዱኛል።"

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና አፏ ላይ አስጠጋችው። ከተወለድኩ ጀምሮ ሰው ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቼ የማላውቃት እናቴ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች፦

"እንዳትፈርሚ!"

ሰዓዳ አልፈረመችም።